ሰባት ፍሬ

እጃችሁ አይፍታ፤ ዘሩን እየለያችሁ
ስሙኝ፣ ምራቶቼ፤ አንድ ልንገራችሁ።
ሌባ ናት አማታችሁ።

ያኔ በደሴቷ፣ ጃሙና መካከል፣
ወንዙ በሚሠራው፣ ወንዙ በሚንደው ደለል፣
ጎረቤት ነበርን። የቀርከሃ አጥር
በመሃል ቢያልፍም፣ ሐረግ አያከብር፤
የሞርጂና ቅል በኔ ጣራ፣ የኔ ዱባ በእሷ፣
ሲሻገሩ ያድራሉ ያለ አንዳች ወቀሳ።

ጠቡን ያመጣችው ያቺ ጥቁር ፍየል።
ገመዷን በጥሳ፣ ሐረጉን ስትነቅል፣
ነጭ አበባውን፣ እንቡጡን ጨርሳ፣
ስታመሰኳ ተገኘች አጥሩን ተንተርሳ።
ሞርጂና አልጮኸችም። መጥታ ደጄ ቆማ፣
«ዱባና ቅል» አለች፣ «አበቃቀሉ ለየቅል፤
እንግዲህ ለየቅል።»

ከዚያ ወዲያ ለመንደሩ ሴቶች በእፍኝ ስታድል፣
ከኔ ደጅ ስትደርስ እጇ ይታጠፋል።

ያማቷ ቅል ነበር፤ አንገቱ አጠር ያለ፣
ጠቃጠቆ ሆዱ ወተት የመሰለ፣
ውሃ ዐሥር ቀን ሙሉ ሥሩ ላይ ቢተኛ
የማይጠወልግ፣ የጎርፍ ቁራኛ።
ዘሩን ካመድ አሽታ፣ በሳል መድኃኒት ጠርሙስ፣
የኒም ቅጠል ጨምራ፣ ነቀዝ እንዳይደርስ፣
አፉን በጭቃ ደፍና፣ ከጣራው ሥር ሰቅላ፣
ከጆሮ ወርቋ በላይ ትሳሳለት ነበር።

የእህቷ ልጅ ስትዳር፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣
ገባሁ። ልቤ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮዬ ውስጥ ዘለለ።
ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያልኩ እስከ ሰባት።
ስምንተኛዋን ተውኳት፤ መሰለችኝ ኀጢአት።
ሰባቱስ? አትጠይቁኝ።

በሳሪዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣
«ከገበያ ነው» ብዬ ለእህቴ ለጁሌካ ሰጠኋት ፍሬ ፍሬ።
ደጄ ላይ ብተክለው ቅጠሉ ይናገራል፤
ቅጠል ወሬኛ ነው፣ መቼ ምሥጢር ያውቃል?

ሦስት ክረምት አለፈ። በአራተኛው፣ በስራቦን ወር፣
ውሃው በሌሊት መጣ።
የሙዝ ግንድ አስረን፣ ሕፃን አዝለን፣ ጨለማውን ቀዘፍን።
የሞርጂና ታንኳ ተገለበጠ።
ልጇን ያዘች።
ጠርሙሶቹን ለቀቀች።
ሰው ስለ ላሟ ሲያጽናናት ዝም ትላለች፤
ላሟ አልነበረችም።

ሩዝ መጣ በጀልባ። ዘርም መጣ በጀልባ፣
በሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ ሥዕል የተሳለበት።
ዘራነው። በቀለ። አፈራ። በላነው።
እውነት እንነጋገር፣ ይጣፍጣል።
ለከርሞ ፍሬውን መልሰን ብንዘራው ግን
ሌላ ሆኖ ወጣ፤ እናቱን አያውቃት።

ያን ጊዜ ተሻገርኩ። በጁሌካ ጣራ
ቅሎች ተኝተዋል፣ እንደ ጠቃጠቆ ዳክዬ፣ ተራ በተራ።
የደረቀውን መርጬ፣ አቅፌ መጣሁ፤
ሆዱ ውስጥ ዘሩ ይንኮሻኮሻል፣
ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ።
ሞርጂና ደጅ አስቀመጥኩት። ቃል አልወጣኝም።

አነሣችው። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው። ብዙ ቆየች።
«ሰባት ነበር» አለች፣ «የጎደለው። ቆጥሬው ነበር።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ
ስታየኝ ኖራለች፣ እያወቀች ጓዳ ጓዳዬን!
«ሌባ ጋም ቢሆን አንድ ቦታ ይኑር ብዬ ነው»
አላለችም ይህን፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።
ያለችው አንድ ነው፦
«ፍየሏስ?»
«ውሃው ወሰዳት» አልኳት።

ያኔ ነው የተላቀስነው፣
ለላሟ አይደለም፣ ለቤቱም አይደለም፣
ለዚያች ጥቁር፣ ለዚያች ሆዳም ፍየል።

ምነው እጃችሁ ቆመ? ልቀሙ እንጂ፣ ይመሻል።
ለሞርጂና የልጅ ልጅም ለይታችሁ አስቀምጡላት፤
ስምንት አድርጉት።