ሆደ ሰፊው ሣጥን

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጠለያው ክፍል ማዕዘን፣
ከውኃ ጠርሙሶቹ ጎን፣ አኖርኩኝ አንድ ሣጥን፤
የአሮጌ ኮምፒውተር አጽም፣ ሁለት ዲስክ፣ አንድ ማራገቢያ፣
የካሜራው፣ የመብራቱ፣ የፎቶዎቻችን ማደሪያ።

ሻጩማ ብሎኝ ነበር፦ «ምን አደከመህ፣ ጫነው ደመና ላይ፤
በነጻ ነው።»
ነጻ! የማን ሊሆን ነው ታዲያ የኔ ቤት ጉዳይ?
በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት ደመናና ገመና፤
ነፋስ ለሚነዳው ነገር ጓዳ አይሰጥምና።

ዓርብ ማታ በአራት ሰዓት፣ ማንም ሳይነካው ሳሎኑ ጨለመ፤
እናቴ ትርንጎ ከወንበሯ፣ ድምጿ ብቻ ቀደመ፦
«የመኝታ ሰዓቴን ማን አወቀው?»
«እሱ ነው፣ እዚያ ያለው።»
«ደግሞስ ለማን ይነግራል?»
«ለማንም። ከግድግዳው ወዲያ መንገድ የለው።»
ማራገቢያው ይተነፍሳል፣ እንቅልፍ እንደ ጣለው ሰው።
«ሆደ ሰፊ ነዋ!» አለች።
(ስምንት ቴራ መሆኑን ማን ነገራት?)

እሑድ ከሥራ ብመለስ ሻሿን ደርባለታለች።
«ኧረ ይግላል፣ እማዬ!»
«ምስጢር የያዘ ሆድ» አለች፣
«ራቁቱን አይታይም።»
አልተከራከርኳትም።
ጫፉን ብቻ ገለጥ አደረግሁለት፣
እንዲተነፍስበት።