የአንድ ዓመት ክትትል

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ስልክ እደውላለሁ፤
ልባቸው የተከፈተ ሰዎችን በስም በስም እጠራለሁ።
ግሮኒንገን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቴ ወደ ብስክሌት ማቆሚያ፣
እስክርቢቶ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ባለ አንድ ገጽ መጠየቂያ።

ቅጹ የሚፈልገው ጥቂት ነው፦
በሕይወት አለ? ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ እንዴት ነው?
ደም ፈስሶታል? ዳግም ተከፍቷል? ወደ ሥራው ተመልሷል?
ሳጥን አለ፣ ጭረት አለ፤ ከዚያ ገጹ ይገለበጣል።

ዛሬ ተራው የዊበ ሆይተማ፣ የፍሪስላንዱ ሰው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የቦይ በር ያገለገለው፤
ጀልባ ሲመጣ ውሃውን ሞልቶ፣ ሲያልፍ አጉድሎ፣
አንዱን በር ሳይዘጋ ሌላውን ላይከፍት ምሎ።

"ልበ ሙሉ ሰው ነው" ይላል የመንደሩ ሁሉ፤
እኛም በአልትራሳውንድ አየነው፦ እውነትም ልበ ሙሉ፤
የግራው ጓዳ አብጦ፣ የሄደው ደም እየተመለሰ፣
የበሩ ሁለት ክንፍ ሊገጥም ሲል አንዱ እያነሰ።

ሐኪሟ አለችው፦ "ከመቶ ሰው ሁለት ሦስቱ አይነቁም።"
እሱም፦ "ይህ ሦስተኛው ሰውዬ፣ እሱ ራሱ አያውቅም?
ይሙት ወይስ ይኑር?" ብሎ ጠየቃት በቀልድ፤
ሚስቱ ቺትስከ አልሳቀችም፣ ዓይኗ ከመስኮቱ በረዶ ጋር ሲወርድ።

ሊጠግኑት ነበር ሐሳቡ፤ ሥጋው ግን አርጅቶ
መርፌ አልይዝ አለ፣ ተቆርጦ ወጣ ተነሥቶ።
በቦታው ካርቦን ገባ፣ ሁለት ጥቁር ቅጠል፣
ሳንቲም የሚያክል፣ በተዘጋ ቁጥር ጠቅ የሚል።

ጎኑ የተኛው ሃርመን ነበር፣ የትራክተር መካኒክ፣ ገና አርባ አራቱ፤
የእሱ በር ተጠገነ፤ ለተማሪ የሚታይ ሆነ የስፌቱ ውበቱ።
በዘጠነኛው ቀን፣ ካልሲውን ሲያጠልቅ፣ ግማሽ ፊቱ ወደቀ፤
የረጋ ደም፣ የምስር ፍሬ የማያክል፣ ወደ ራሱ ዘለቀ።
በእኔ መዝገብ፦ "ጥገና፣ የተሳካ"፤
ቀጥሎ ባለው ዓምድ ግን መስቀል፣ በቀይ የተሰካ።

ስልኩን ቺትስከ አነሳች። ስሜን ሰማች፣ ዝም አለች።
በዚህ ሥራ ዝምታ ያስፈራል፤ እስክርቢቶዬ ቆመች።
ከዚያ፦ "አለ" አለች። "አለ፤ ውጪ ነው፣ ጎመን ይቆርጣል፤
ለጎረቤት ያድላል፣ ራሱ በሳምንት አንድ ጭልፋ ይበላል።
ክኒኑ ከቅጠል ጋር ይጣላል፤ እሱ ደግሞ የጎመን ልጅ ነው፣
እኔ ነኝ የምሰፍረው።"

"ሌሊትስ?" ቅጹ ላይ የለም፤ ከአፌ ነው ያመለጠኝ።
"መጀመሪያ ያ ጠቅታ ወደ ሳሎን አሰደደኝ።
ዛሬ ዛሬ ካልሰማሁት እባንናለሁ፣
እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ እቆጥራለሁ።"

"ሥራውስ?" "አልተመለሰም።" ጭረት። "ግን ደክሞት አይደለም፤
በሩን በካሜራ ነው የሚዘጉት፣ እዚያ ሰው የለም።
ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደብዳቤው መጣ። ከሊዋርደን ሆነው
ሲከፍቱ ሲዘጉ፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ሰዓት ይይዛል፤ 'ዘገዩ' ሊል ነው።"

ለዚህ ሳጥን የለኝም። በአንድ ዓመት ሁለት በር ተቀየረ፣
አንዱ ከደረቱ፣ አንዱ ከደጁ፤ ሁለቱም ከእጁ ውጪ አደረ።

ከዚያ የጫማ ድምፅ፣ ትንፋሽ። "እንደምን አደርሽ?"
አለኝ ራሱ። ቆይቶም፦ "ሦስተኛው ጋስ ትደውያለሽ?"
ማንን እንዳለ ገባኝ። "የለም፣ እዚያ አንደውልም።"
"እኔ እደውላለሁ፣ ለሚስቱ። ብዙ አናወራም።
ስለ ትራክተሩ፣ ስለ ዝናቡ። ስልኩን ግን እንዲህ አልይዘው፤
ቀፎውን ከደረቴ አርቃለሁ፣ ጠቅታው እንዳይደርሳት ብዬ ነው።"

"ሌላ አስተያየት?" ይላል የቅጹ መጨረሻ፤ መስመሩ ሦስት ጣት አይሞላም።
እስክርቢቶዬን አስጠጋሁ፣ አነሳሁ። ምንም አልጻፍኩም።
ከእሱ በታች ያለው ቁጥር የአሰን ነው፣ የሰባ ዓመት ሴት፤
ይጠራል። አንድ። ሁለት።