ጉልበት ጨምርላት

አወይቱ ወንዝ ዳር፣ ከጋራዤ ደጃፍ፣
ሐምሌ ሲያንጠባጥብ ከቆርቆሮው ጫፍ፣
አባዲኮ መጣ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣
አሮጊት ፒካፑን ባይሱዙ አስጎትቶ።
«ጉልበት ጨምርላት» አለኝ ሳይቀመጥ፣
«እንደ ድሮው ታግሳ፣ ዳገት ይንቀጥቀጥ።»

ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን የለመደች፣
በደርግ ማብቂያ ግድም ባሰብ የገባች፣
የጊቤን ጠመዝማዛ ባራተኛ የወጣች፣
ሙሽራም ሬሳም እኩል ያደረሰች፣
ዛሬ ግን ታስላለች። ሰማያዊ ጭሷ
ዞሮ እንደ ነጠላ ይወድቃል ከራሷ።

ቦኔቷን ስከፍተው፣ ስንቱ መካኒክ
ፈርሞባት ሄዷል በሽቦ፣ በላስቲክ፤
አንዱ በማስቲሽ ጽፏል፣ ሌላው በሳሙና፣
ሰልባትዮው ያነባ ቀን መሐል ጎዳና።
የኔንም አየሁት፦ ያቺን ጠማማ ቡሎን፣
ተለማማጅ ሳለሁ አጥብቄ ያበላሸኋትን።

ቴስታታው ተነሣ፤ ፋሻው ተበልቷል፤
አራተኛው ባልቦላ ጫፉ ተቃጥሏል።
ሬቲፊካ ወሰድኩት፣ ሙዘሚል ጋ፣ ሂርማታ፤
ቶርኒዮው ሲያፏጭ ዋለ፣ እስኪደርስ ማታ።
ጣቱን ሲሊንደር ውስጥ ከትቶ ዳበሰው፤
«ሃምሳ ብቻ» አለኝ፤ «ብረትም እንደ ሰው
ሲፋቅ ይሰፋል እንጂ አይወፍርም፤
ከዚህ ካለፍንማ ግድግዳ አይኖርም።»

ካምሻፍት አስመጣሁ ካዲሳባ ባውቶብስ፣
በግራሶ ተቀብቶ፣ ጋዜጣ እንደ ልብስ፤
ሁለት ጉሮሮ ያለው ካርቡራቶር ገጠምን፣
ማርሚታውን ቆርጠን ሰፊ ቱቦ በየድን።
አልኩት «አባዲኮ፣ ፍሬኑ ግን ሞቷል፤
ጉልበት ያለ ፍሬን ገደል ይመርጣል።»
«ፍሬን ለፈሪ ነው» ብሎ ሳቀብኝ፤
እኔም ዝም አልኩት። ገንዘቡ ጨንቆኝ።

በየቀኑ ይመጣል፤ አሮጌ ጎማ ላይ
ተቀምጦ ይውላል፣ እፊቱ ቀዝቃዛ ሻይ።
ይተርካል ደግሞ፦ «አንድ ሌሊት ካጋሮ
ምጥ የያዛት ጭኜ፣ ጭጋጉ ተቋጥሮ፤
ልጁ እሪ ያለው ሆስፒታሉ በር ነው፤
ያ አይሱዙ ነጂ፣ የጎተተኝ፣ ያው ነው።»

አንድ ቀን ስናስነሣት፣ ጭሱ ከፊቱ ቆሞ፣
«ቀለሙ ምን ይመስላል?» ሲል ጠየቀኝ ደግሞ።
መፍቻው ከጄ ወደቀ።
«ሁለት ዓመት» አለኝ፤ «ጀመረኝ ከዳር፤
ዝገትም ከዳር ነው የሚበላው በር።»
«እና ማን ሊነዳት?» «ልጄ ናት፣ ሰኪና፤
ቡና ልትጭንባት ከሰቃ፣ ከማና።»
ዝም አለ። ሻዩን ፈልጎ በጣቱ፣
«ፍሬኑን አስቀድም» አለኝ ካንጀቱ።

ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ ከፊትም ከኋላ፣
ሳምንት ፈጀብን፤ ለሞተሩ ሌላ
ሁለት ቀን። ከዚያ በኋላ ቁልፉን አዞርኩ።
መዳፉን ቦኔት ላይ አድርጎ ሲያደምጥ፣
«አራተኛው ዘገየ፣ ካንድ ፀጉር አይበልጥ።»
ካንዴላውን ፈታሁት።
ልክ ነበር።

ጁምዓ ከሰላት መልስ ሰኪና ነዳቻት፣
ወደ ጅሬን ዳገት፣ ማንም ሳይከተላት።
እኛ ጋራዥ ቆመን፣ ጆሯችንን ሰጥተን፣
«አንደኛ... ሁለተኛ...» እየቆጠርን፣
«ሦስተኛ!» አለ፣ ጣቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፤
ዳገቱም አገሳ፣ ድምፁን ተቀብሎ።
አራተኛውን ጠበቅን። ጠበቅን። አልመጣም።
«ፈራች» አልኩት፤ «ጉልበቱን እሷ አልነካችውም።»
ፈገግ አለ። «ተዋት። አልፈራችም» አለኝ፤
«መኖሩን አወቀች። ያ ነው እኔን ያመለጠኝ።»

ጃንጥላውን አጥፎ፣ መንገድ እየዳሰሰ፣
ወደ አስፋልቱ ወጣ። ዝናቡም ቀነሰ።

ቀሪ ሂሳብ አለበት፣ ሦስት ሺህ ብር።
ዳገቱ ሲያገሳ፣ ማርሽ ስቆጥር፣
እረሳዋለሁ።