መረንዝ

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ አል-ኹድ፣ ማስካት ዳር፣
ጠርሙስ አጥባለሁ ከማቀዝቀዣው ጩኸት ጋር።
ፕሮፌሰር ሹሩቅ ስክሪኑ ላይ ናት፣
ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ሻሽዋ ተንሸራቶባት።

«ዘምዘም፣ ነዪ፤ አንድ በረኛ ላሳይሽ፣
ቀን ከሌት የሚቆም በየሴልሽ።
ሦስት ጨው ያስወጣል፣ ሁለት ጨው ያስገባል፣
ለዚህ ድካሙ ከምትበዪው ወደ ሲሶ ይበላል።
ሁለት በር አለችው፣ በውስጥም በውጭም፣
አንዷ ሳትዘጋ ሌላዋ አትከፈትም።
እኔ ሃያ ዓመት የደከምኩባት፣
ሁለቱም ተዘግተው ጨው መሀል የሚቆምባት
ያቺ ቅጽበት ናት።»

ሲሶ አለች! እኔ ሲሶን የማውቀው ከአያቴ ወሬ፣
አውድማ ላይ ቆሞ ለባላባት ሲሰፍር ጥሬ።

«እኛም ከደንገጎ ሦስት እህትማማች ወጣን፣» አልኳት፣
«ሁለት ነገር ገባ፤ ሐዋላና የስልክ ድምፅ፣ ለእናታችን ቤት።»
ሳቀች። ሳቋን ቶሎ ዋጠችው።
«ግን የሚወጣውና የሚገባው አንድ አይደለም፣ ልብ በይው፤
ሶዲየም ይወጣል፣ ፖታሲየም ይገባል።»
ይህን፣ በር በሩን ለምታይ እናት፣ ማን ይነግርልኛል?

ከፍሪጁ አንዲት ብልቃጥ አወጣች፣ ስም የተለጠፈባት፤
«በረኛውን የምታስቆም ጠብታ ይቺ ናት።
ከዛፍ ነው የተገኘችው፣ ከእናንተው አገር፣
አዳኝ ቅርፊቱን ቀቅሎ ቀስቱን ይቀባበት ነበር።»

ሥዕሉን አየሁት። ነጭ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል።
መረንዝ!
የጓሯችን አጥር፤ ፍሬው ሲጠቁር የምንሻማበት፣
እናቴ «እንጨቱን ግን በጥርስሽ እንዳትነኪ» የምትልበት።
እኔ በቪዛ፣ በደም ምርመራ፣ በሁለት ዓመት ውል፣
እሱ በበረዶ ሣጥን፣ በሚሊግራም ተሰፍሮ እንደ ኩል፣
ከአንድ አጥር ወጥተን እዚህ ተገናኘን።

አንዲት ጠብታ። ስክሪኑ ላይ ሲዘል የነበረው መስመር ተኛ።
«ጨው መውጫ ሲያጣ ውሃ ይከተለዋል፤ ሴሉ ያብጣል።»
ዝም አልን እኛ።

ጓንት ደርቤ ሳህኗን አጠብኩ፣
ሕጉ እንደሚያዘው ሦስቴ አለቀለቅኩ፣
በጉብራ ማጣሪያ ጨዉን ተፍቶ በመጣ ባሕር።

ስወጣ ካርዴን አስነካሁ። የውስጡ በር ከኋላዬ ተዘጋ፤
የውጭው አልተከፈተም፤ ሌሊቱም አልነጋ።
መስታወት ለመስታወት መሀል ቆሜ ከንፈሬን ላስኩት፤
ጨው ነው። እንዳለ ተውኩት፣ አልጠረግሁት።