የጉልላት ጓንት

ማሞቂያው ሲከፈት ይሸታል መኪናው፤
«ከሥጋ ፋብሪካው ያመጣኸው ቦት ነው፣
ሳትገባ አውልቀው» አልኩት ጉልላትን።
አወለቀ፣ ዝም ብሎ። በማግሥቱ ግን
ደጁ ላይ አጣሁት። በብሩክስ በረዶ
በእግሩ ይሄድ ጀመር፣ ከእኔ ቀድሞ፣ ማልዶ።

ሚያዝያ ላይ ፈታሁ የዳሽቦርዱን ኪስ፤
ፊልትሮውን ሳብኩት ጉዱ እስኪፈስ ድረስ።
አይጥ ከርማበታለች፦ ሽንት፣ ጠጉር፣ ገለባ፣
ከመሐል ቀይ ጎጆ፣ ከሱፍ የተገነባ።

የጉልላት ጓንት ነው! «እዚህ ጠፋኝ» ሲለኝ
ጎንበስ ሳልል «የለም» ያልኩት ስንፍና ይዞኝ።

አሥራ ሰባት ዶላር። አዲሱን ከተትኩት፣
ቀስቱን ወደ ታች አድርጌ ዘጋሁት።
ጠራ አየሩ፤
ከጎኔ ባዶ ወንበር ላይ ይነፍሳል።

ነገ ሳይነጋጋ ደጁ ላይ ልቁም፤
ክላክስ ልንካ? ልውረድ? እሱን አላውቅም።