ሁለት ጊዜ የዞረ ፊት

ክራኮቭ፣ ምድር ቤት፤ መስኮቱ የመንገደኛ ጫማ የሚያይ፤
ሠላሳ ዓመት ሸራ ቀብቼ ፊደል ቆጣሪ ሆንኩ መዳብ ላይ።
ያግና፣ መምህሬ፣ የልጄ እኩያ፣ ጥፍሯ በቀለም የጠቆረ፣
«እጅዎ ቸኮለ፣ አቶ ሴቬሪን» ትለኛለች፣ መርፌዬ ሰሙ ላይ እየበረረ።

ብሩሽ ሲሳሳት ቀለም በቀለም ይሸፈናል፤ ያን ነው የለመድኩት፤
እዚህ ግን ሰሙን ጭሬ፣ የቀረውን ለአሲድ አደራ ሰጠሁት።
ከሰሙ ስር ወርቅ የለም፤ መዳብ ነው፤
እሱንም የሚቆፍረው ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ተበላ፤ ሬድዮ ሳዳምጥ ደቂቃው አምልጦኝ፤
ጺሜ የነበረበት ጉድጓድ ሆኖ ጠበቀኝ።

ለሁለተኛው መስታወት አቁሜ ፊቴን እንዳየሁት ጫርኩ፤
የቅንድቤን ጠባሳ ካየኋት ቦታ፣ ከግራ በኩል አኖርኩ።
ቀለም ሞላሁ፤ በጨርቅ አበስኩ፤ በመዳፌ ጠረግሁ፤
እርጥብ ወረቀት አልብሼ መዘውሩን በደረቴ ገፋሁ።

«ከጥጉ ያንሱት፤ ቀስ...»

ጠባሳዋ ወደ ቀኝ ተሻግራለች።
ሰውዬውን አላውቀውም።
ያግና ግን «ይኸው እርስዎ!» አለች።

ቦዤና፣ ነፍስሽን ይማር፤
የራሴን ምስል በሣልኩ ቁጥር
«አንተ አይደለህም» ስትዪኝ ስንቴ አኮረፍኩሽ!
መስታወቱን ነበር ለካ የማሳይሽ።
ትራስ ላይ ዞረሽ የሳምሽው፣
በጣትሽ ጫፍ የለካሽው፣
ይኼኛው ነበር፤ እኔ ያላየሁት፣
ዛሬ በጥቁር ቀለም የተዋወቅሁት።

ያግና ሌላ ወረቀት እያረጠበች ነው፤
«ስንት ቅጂ?» ትላለች።

አንድ።