ባልዲው

እሑድ ነው። ሉፔኒ በዝናብ ነግቷል፤
የከሰሉ ጉድጓድ አፉ ተደፍኗል፤
የፈረቃው ደወል ድምፁ ከጠፋ አሥር ዓመት አልፏል።

በትምህርት ቤታችን ስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣
ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ስቀመጥ፣
ከጎኔ የድምፅ ሳጥን፣ መዝገብ ከፊቴ፣
ስም ልጥራ እንግዲህ፣ ልማድ ነው መምህርነቴ።

ዶይና? ቀሪ። ቶሪኖ ናት፤ የባዕድ እናት ታጥባለች፤
የገዛ እናቷ እዚህ ብቻዋን ታስላለች።
ኮስሚን? ቀሪ። ስፔን ነው፣ እንጆሪ ለቀማ።
ላውሬንጺዩ? ሞቷል፤ መዝገቡ ግን ገና መርዶ አልሰማ።
የሄደውን «ቀሪ» ይሉታል፤ «ቀሪ» ይሉኛል እኔንም፤
ቃሉ አንድ ነው፤ ማን እንደጎደለ አይለይም።

ከበሩ ውጭ ሦስት ሽማግሌዎች ሲጋራ ያጨሳሉ፤
«ብንመርጥም ያው፣ ባንመርጥም ያው» ይላሉ፤
ግን ወደ ቤት አይሄዱም።

ከላይ፣ ስትራዣ ተራራ ላይ፣ በረዶ ይጥላል፤
ከዋና ከተማ የመጣው ይንሸራተትበታል።
ያንድ ሌሊት አልጋ ያንድ ወር ጡረታ ነው።
በሽቦ የተንጠለጠለ የመስታወት ጎጆ
በጣሪያችን ላይ ያልፋል፣ ሳቅ ጭኖ።
ሰማዩ ያው፣ ደመናውም ያው፤
እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው ዝናብ የሚሆነው።

ረፋዱ ላይ ሳፍታ መጣች፣ የቆፋሪው ባልቴት፣
ብርቱካንማ ባልዲ አንጠልጥላ በእጇ።
ባልዲው ላይ ሰውዬው ፈገግ ብሏል።
የዛሬ አራት ዓመት፣ ለምርጫው ሲታደል፣
አንድ ሊትር ዘይት ነበረው በሆዱ፣
ስኳርም፣ ዱቄትም፤
ተሰልፈን ተቀበልን። ማንም አላፈረም።

ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አደረገችው፦
«ባልዲው ደህና ነው፣ አያፈስም።
የሚያፈሰው ጣሪያዬ ነው።
አራት ክረምት ሙሉ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣
ሲዘንብበት ያድራል ይሄ የሚስቅ ፊት፤
ለኛ ብሎ የረጠበው ያኔ ብቻ ነው፣ በእውነት።
ዘይቱን ጨረስኩት፤ ስኳሩን ላስኩት፤
እንካ፣ ባልዲውን ውሰዱ፤ ድምፄን መልሱት።»

መመሪያውን አገላበጥኩ። ድምፅ ስለመመለስ
የሚል አንቀጽ የለም።
ፖሊሱ ጫማውን አየ። እኔም ዓይኗን አላየሁም፦
ቤቴ ሰማያዊ አለ፣ የሌላኛው ፓርቲ፤
ድንች አስቀምጥበታለሁ።
አልነገርኳትም።

ያን ጊዜ ከአዳራሹ ጣሪያ ጠብ አለ፤
አንድ ጠብታ፣ ደግሞ ሌላ፣ የሳጥኑ ክዳን ላይ።
ሳፍታ ሳጥኑን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ
ባልዲውን በቦታው ተካች፣
የሰውዬውን ፊት ወደ ግድግዳው አዙራ።
ከዚያ መታወቂያዋን ሰጠችኝ፤
ወረቀቷን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ገባች።
ቆየች።

ማታ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።
ሳጥኑን ስናነሳው ቀለለን።
ቆጠርን።
አንዱ ወረቀት በማንም ስም አንጻር ማኅተም የለውም፤
ከግርጌው፣ በእርሳስ፣ ተጠንቅቆ በተጻፈ የአሮጊት ፊደል፦
«ቆርቆሮ። አራት በሦስት። ምስማሩ ከኔ።»

ሦስታችንም አነበብነው።
ፖሊሱ ደግሞ አነበበው።
«የተበላሸ» ከሚለው ክምር ላይ አኖርኩት፤
ፈረምኩ።